ትልቁ ድንኳን ለምን ይበርዳል?

ከኅዳር እስከ ጥር በባሌ ተራሮች ሰማዩ ጥርት ይላል። ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ሌሊት ውርጭ ሣሩን ያነጣዋል። በዚህ ወቅት ትንንሽ ልጆች ይዞ የሚወጣ ቤተሰብ ስድስት ወይም ስምንት ሰው የሚይዝ፣ ሳይጎነበሱ የሚገቡበት ድንኳን ቢመርጥ አይፈረድበትም። ልጅ ቆሞ ይለብስበታል፣ ካፊያ ቢመጣ ይጫወትበታል። ሌሊት ግን ድንኳኑ ከደጁ እምብዛም አይለይም።

ነገሩ በቀላል ስሌት ይታያል። የተኛ አዋቂ ሰው 80 ዋት ገደማ ሙቀት ያመነጫል። አባት፣ እናትና ሁለት ልጆች ተደምረው 250 ዋት ይሆናሉ እንበል። ወርዱ 3፣ ርዝመቱ 4፣ ቁመቱ 2 ሜትር የሆነ ድንኳን ጣሪያና ግድግዳው 40 ካሬ ሜትር ነው። አንድ ካሬ ሜትር ስስ ሸራ ደግሞ በውስጥና በውጭ መካከል ላለው ለእያንዳንዱ ዲግሪ ልዩነት 5 ዋት ያህል ያሾልካል። ስለዚህ ያ ሁሉ ትንፋሽና ገላ ድንኳኑን የሚያሞቀው በአንድ ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። ሸራው 8 ካሬ ሜትር የሆነ ጠባብ ድንኳን ውስጥ ግን ሁለት አዋቂዎች ብቻቸውን አራት ዲግሪ ያህል ልዩነት ያመጣሉ።

ደመና የሌለበት ሌሊት ጉዳቱን ያባብሳል። ጣሪያው ሙቀቱን በጨረር ወደ ሰማይ እየለቀቀ ከአካባቢው አየር ይበልጥ ይቀዘቅዛል። ከትንፋሽ የሚወጣው እርጥበት እዚያ ላይ ጤዛ ይሆንና በተኙት ላይ ይንጠባጠባል። ብርድ ፈርቶ የአየር ማስገቢያውን መድፈን ይህንኑ ያባብሳል።

ልጆች ደግሞ ከወላጆቻቸው ቀድመው ይቀዘቅዛሉ። 12 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በኪሎ ሲሰላ ያለው የቆዳ ስፋት ከአዋቂ አንድ ተኩል እጥፍ በላይ ነው። ሙቀት የሚወጣው በቆዳ በኩል ስለሆነ፣ ለአባት የበቃ ልብስ ለልጅ አይበቃም።

ታዲያ መሞቅ ያለበት ልጁ ነው፤ ድንኳኑ ነፋስና ዝናብ ከከለከለ ሥራውን ሠርቷል። በትልቅ ድንኳን ውስጥ የሚንጠለጠል የመኝታ ክፍል ካለ ሁሉም እዚያ ይተኛ፤ ከሌለ አንዱን ጥግ በአንሶላ መከለል ይቻላል። ቀጥሎ ከሥር መጀመር ነው። ቀዝቃዛ መሬት ሙቀትን በንክኪ ይስባል፣ ከሰውነት በታች የተጨፈለቀ ብርድ ልብስም አየር ስለማይዝ ብዙ አይከላከልም። ስለዚህ ጠንከር ያለ ስፖንጅ ወይም ጀንዲ ከሥር ይነጠፋል። ከላይ የሚያሞቀው በድርቡ መካከል ረግቶ የሚቀመጠው አየር ነው፤ አራት ድርብ የሆነው ጋቢ የሚሞቀውም ለዚህ ነው። ይሁንና ጥጥ ሲረጥብ ይህን አቅሙን ያጣል። ከበግ ፀጉር የሚሠራው ባና እርጥበትን ይበልጥ ይቋቋማል። ሲጫወቱ ያላባቸውን ልብስ ከመኝታ በፊት መቀየርም ግዴታ ነው። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ፊቱን ሊሸፍን የሚችል ከባድ ልብስ አይደረብም።

የከሰል ምድጃ ድንኳን ውስጥ ፈጽሞ አይገባም፤ ፍሙ ነጥቶ ጭሱ ቢጠፋም እንኳ። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። ከደም ሄሞግሎቢን ጋር ለመያያዝ ያለው ኃይል ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ ስለሆነ፣ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። ሙቀት ከተፈለገ ማታ ትኩስ ገንፎ ማብላት፣ ከዚያም ሙቅ ውሃ በደንብ በሚዘጋ ዕቃ ሞልቶ በጨርቅ ጠቅልሎ ከእግር አጠገብ ማስቀመጥ ይሻላል።

የቦታ ምርጫም ከዕቃ አያንስም። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀቱ በአማካይ 6 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። በባሌ ተራሮች 3,100 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው የዲንሾ ከተማ 4,000 ሜትር ከሚደርሰው የሳነቴ አምባ ለልጆች የተሻለች ናት፤ አየሩም እንደዚያኛው አይሳሳም። ቀዝቃዛ አየር ከባድ በመሆኑ ሌሊት ወደ ሸለቆ ይወርዳል፤ ስለዚህ ከሸለቆው ወለል ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ነፋስ በማያገኘው ቦታ መትከል ይመረጣል።

ሌሊት ልጁን ሲፈትሹ እጁን ሳይሆን ደረቱን ወይም ማጅራቱን ይንኩ፤ እጅ ቀዝቅዞ ገላ ሊሞቅ ይችላልና። ደረቱ ከቀዘቀዘ ከወላጅ ገላ ጋር አጣብቆ ማሞቅ ያስፈልጋል። ከዚህ አልፎ ልጁ መንቀጥቀጡን ትቶ ከፈዘዘ፣ ንግግሩ ከተኮላተፈ ወይም ለመንቃት ከተቸገረ፣ የሰውነቱ ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ወርዶ ሊሆን ስለሚችል ንጋትን ሳይጠብቁ ወደ ሐኪም መውሰድ ነው።