በውስጣችን ያለው ወቃሽ ማን ነው?

አማርኛችን ስለ ሰው ውስጣዊ ኑሮ ሲናገር አንዱን ሰው እንደ ብዙ ሰው አድርጎ ይናገራል። «አንድ ልቤ ሂድ ይለኛል፤ አንድ ልቤ ተው ይለኛል» እንላለን። «ሆዴ ባባ»፥ «አንጀቴ አልቈርጥ አለ»፥ «ኅሊናዬ ወቀሰኝ» እንላለን። ይህን የሚናገር ሰው አእምሮው ጤነኛ ነው፤ ሰሚውም ያለ ትርጓሜ ይረዳዋል። ሰው ብቻውን በተቀመጠ ጊዜ እንኳ በውስጡ የሚመክር፥ የሚከራከር፥ የሚያለቅስና የሚቈጣ ሸንጎ እንዳለ ማንም ከራሱ ያውቃልና።

ከዚህ ሸንጎ መካከል ዛሬ ልንነጋገርበት ያሰብነው ስለ አንዱ ድምፅ ነው፤ ይኸውም ስለ ወቃሹ ነው። ፈተና የወደቀ ተማሪ ማታ ከመኝታው ላይ ሆኖ «አንተ እኮ ድሮም የማትረባ ነህ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ያዘጋጀው ደብዳቤ በአለቃው ፊት ስሕተት የተገኘበት ወጣት ሠራተኛ፥ ስሕተቱን በአምስት ደቂቃ አርሞ ሲያበቃ ወቀሳው ግን ሳምንት ሙሉ ይከተለዋል። አለቃው ነገሩን ረስቶታል፤ ጓደኞቹም ረስተውታል፤ በውስጡ ያለው ከሳሽ ግን መዝገቡን አልዘጋም።

ተግሣጽ ሰው ያደርጋል እየተባልን ስላደግን፥ ብዙዎቻችን ይህን ድምፅ እንደ ጨዋነት ምልክት ቈጥረን እንታገሠዋለን። ዳሩ ግን ወቀሳው ሥራን ማሻሻሉ ቀርቶ እንቅልፍ ሲነሣ፥ ከሰው ሲያሸሽና ሁለተኛ መሞከርን ሲያስፈራ፥ ነገሩ ከጨዋነት አልፎ ወደ ሕመም ቀርቧል። በዚህ ጊዜ ሰው ከሁለት አንዱን ያደርጋል፤ ወይ ድምፁን አምኖ ይሰበራል፥ ወይ ደግሞ በመጠጥ፥ በጫወታና በሥራ ብዛት ሊያፍነው ይታገላል። ሦስተኛ መንገድ አለ የሚሉ የሥነ ልቡና ሊቃውንት ግን ተነሥተዋል። መንገዱም ወቃሹን ቀርቦ መጠየቅ ነው።

የሐሳቡ አመንጪ ሪቻርድ ሽዋርትዝ የተባሉ አሜሪካዊ ዶክተር ናቸው። እኚህ ሰው ሙያቸው የቤተ ሰብ ምክር ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ (ዘመኑን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) በቺካጎ ከተማ ከመጠን በላይ እየበሉ የበሉትን በማስመለስ ሕመም የተያዙ ወጣቶችን ይረዱ ነበር። የቤተ ሰቡ ጠብ ከታረቀ ሕመሙም ይተዋል ብለው ተስፋ አድርገው ነበር፤ ነገር ግን ቤቱ ሰላም ሲያገኝም ሕመሙ ያልለቀቃቸው አሉ። ምክንያቱን ቢጠይቋቸው ሕመምተኞቹ ስለ ውስጣቸው ይነግሯቸው ጀመር። አንዱ ክፍላቸው ይሰድባቸዋል፤ ሌላው በስድቡ ያዝናል፤ ሦስተኛው ሐዘኑን ለማስረሳት ወደ ምግብ ይነዳቸዋል። ዶክተሩም በየቤቱ ሲያዩት የኖሩት የቤተ ሰብ ሥርዓት በአንድ ሰው ውስጥም እንዳለ አስተዋሉ። ሐሳባቸውን በ1995 በመጽሐፍ አወጡት፤ ስሙንም «የውስጥ ቤተ ሰብ ሥርዓት» አሉት።

ሰው በውስጡ ብዙ ነው የሚለው ሐሳብ ከእርሳቸው የተጀመረ አይደለም። የግሪኩ ፈላስፋ ፕላቶን ነፍስን በሦስት ከፍሏት ነበር፤ ፍሮይድም በ1923 ባሳተመው መጽሐፍ የራሱን አከፋፈል አቅርቧል፤ ጣሊያናዊው ሐኪም ሮቤርቶ አሳጆሊም በሰው ውስጥ ስለሚኖሩ ንዑሳን ማንነቶች አስተምሯል። የሽዋርትዝ ልዩነት፥ ከክፍሎቹ መካከል በተፈጥሮው ክፉ የሆነ አንድም የለም ማለታቸው ነው።

እርሳቸውም ቢሆኑ ወደዚህ አሳብ የደረሱት በመከራ ነው። በሕፃንነቷ የመደፈር በደል የደረሰባትና የገዛ ገላዋን የማቍሰል ልማድ የያዛት አንዲት ሴት ታማክራቸው እንደ ነበር ጽፈዋል። ዶክተሩ ከሕመምተኛዋ ጋር ተባብረው፥ ያ የሚያቈስላት ክፍል ሁለተኛ እንዳያደርግ ቃል እስኪገባ ድረስ አስጨነቁት። በሚቀጥለው ሳምንት ሴትዮዋ ፊቷ ላይ ከባድ ቍስል ይዛ መጣች። ዶክተሩ ትግሉን እንደ ተሸነፉ አምነው፥ በቍጣ ፋንታ ያ ክፍል ይህን የሚያደርገው ስለ ምን እንደ ሆነ ጠየቁ። የተገኘው መልስ ያልጠበቁት ነበር። ያ ክፍል በደሉ በሚፈጸምበት ዘመን ልጅቱን ከገላዋ ስሜት የሚያርቃትና የባሰ ጥቃት ሊያመጣባት የሚችለውን ቍጣዋን የሚያፍንላት እርሱ ነበር። ጠላት የመሰላቸው ነገር ጦርነቱ ማለቁን ሳይሰማ በምሽጉ የቀረ ዘብ ሆኖ ተገኘ።

በዚህ ትምህርት መሠረት የሰው ውስጣዊ ክፍሎች በሦስት ዐይነት ሥራ ላይ ይገኛሉ። የመጀመሪያዎቹ ግዞተኞች ይባላሉ። እነዚህ በአብዛኛው በልጅነት የደረሰውን ፍርሃት፥ ኀፍረትና ብቸኝነት የተሸከሙ ናቸው። ሕመማቸው ከባድ ስለ ሆነ ከዕለታዊ ኑሮ ርቀው እንዲቀመጡ ተፈርዶባቸዋል። «ወንድ ልጅ አያለቅስም»፥ «ሆድ ይፍጀው» እየተባለ ያደገ ልጅ እንባውን አላጠፋውም፤ በግዞት አስቀመጠው።

ሁለተኞቹ ሥራ አስኪያጆች ናቸው። የእነርሱ ተግባር ግዞተኛው እንዳይነካ አስቀድሞ መጠንቀቅ ነው። አንዱ ሥራን ሁሉ ያለ እንከን ካልፈጸምህ ይላል፤ አንዱ ሰውን ሁሉ ደስ አሰኝ ይላል፤ ሌላው በስብሰባ ላይ አፍህን አትክፈት ብሎ ይመክራል። የዛሬው ርእሳችን የሆነው ወቃሽም ከእነዚህ አንዱ ነው። ሌላ ሰው ሳይሰድበን ቀድሞ ይሰድበናል፤ እንዲህ ካደረገ ከውጭ የሚመጣው ስድብ የሚቀርልን ይመስለዋል።

ሦስተኞቹ እሳት አጥፊዎች ተብለዋል። ጥንቃቄው ሁሉ ከሽፎ የቈየው ሕመም በተቀጣጠለ ጊዜ እየሮጡ የሚደርሱ ናቸው። መጠጥ፥ ቁማር፥ ድንገተኛ ቍጣ፥ ወይም ስልክን እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሲነካኩ ማደር የእነርሱ ውኃ ነው። እሳቱን ለማጥፋት ሲሉ ቤቱ ቢበላሽ ግድ የላቸውም። በነጋታው ወቃሹ ተነሥቶ «ትናንት ምን አደረግህ?» ይላል፤ ወቀሳው ግዞተኛውን ያስለቅሰዋል፤ ልቅሶው እንደገና እሳት አጥፊውን ይጠራል። ብዙ ሰው በዚህ ክብ ውስጥ ሲዞር ዓመታት ያልፉበታል።

ታዲያ ይህን ቤተ ሰብ የሚያስታርቀው ማን ነው? ሽዋርትዝ እንደሚሉት፥ ከክፍሎቹ ሁሉ ሌላ፥ በማንኛውም ሰው ውስጥ የማይጠፋ አንድ ማንነት አለ። እኛ «ባለቤቱ» ብንለው ነገሩን የሚገልጸው ይመስለናል። ምልክቶቹም እርጋታ፥ ለማወቅ መፈለግ፥ ርኅራኄና ድፍረት የመሰሉት ናቸው። የሐኪሙም ሥራ ይህ ባለቤት ወደ ቤቱ እንዲመለስ ማገዝ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሕመምተኛው ዐይኑን ጨፍኖ ወቃሹ በደረቱ፥ በጉሮሮው ወይም በሆዱ የት ላይ እንደሚሰማው ይፈልጋል። ከዚያ ሐኪሙ «ለዚህ ክፍል ምን ይሰማሃል?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ «እጠላዋለሁ» ከሆነ የተናገረው ሌላ ክፍል ነውና ጥቂት ገለል እንዲል ይለመናል። «ስለ እርሱ ለማወቅ ፈለግሁ» የሚል መልስ ሲመጣ ባለቤቱ ደረሰ ማለት ነው። ያን ጊዜ ወቃሹ ይጠየቃል፤ ሥራህ ምንድን ነው? ከመቼ ጀምረህ ያዝኸው? ብትተው ምን ይሆናል ብለህ ትፈራለህ? የምትጠብቀው ሰው ዕድሜው ስንት ይመስልሃል? ከእነዚህ ጥያቄዎች የኋለኛው እጅግ ያስገርማል፤ ወቃሹ የሚጠብቀው ሰው ገና የስምንት ዓመት ልጅ እንደ ሆነ አድርጎ የሚያምንበት ጊዜ አለና። ወቃሹ እምነት ባገኘ ጊዜ ወደ ግዞተኛው ለመድረስ ፈቃድ ይሰጣል። ግዞተኛው የደረሰበትን ሲናገርና የሚሰማው ሲያገኝ የተሸከመውን ያራግፋል። ወቃሹም ከከሳሽነት ወደ መካሪነት ይዛወራል።

ይህን ሁሉ የሚያነብ ጠንቃቃ ሰው ማስረጃው የት አለ ብሎ መጠየቁ ተገቢ ነው። በ2013 የታተመ አንድ ጥናት የመገጣጠሚያ ቍርጥማት ያለባቸውን 79 ሕሙማን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ፥ አንደኛውን ወገን ለዘጠኝ ወር በዚህ ዘዴ ረድቶ፥ ሌላውን ስለ በሽታው ብቻ አስተምሮ ነበር። ሕክምናው ከተፈጸመ ከአንድ ዓመት በኋላ የፊተኞቹ የሕመም ስሜትና የድብርት ምልክት ቀንሶ፥ ለራሳቸው ያላቸው ርኅራኄ በርትቶ ተገኝቷል። በ2022 የወጣ ሌላ ጥናት በልጅነታቸው ብዙ በደል የደረሰባቸውን 17 ሰዎች በ16 ቀጠሮ ረድቶ ጥሩ ውጤት አይቷል፤ ነገር ግን ያልታከመ ወገን አብሮ አልተመዘነም። ስለዚህ ማስረጃው ገና ለጋ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 ባወጣው መመሪያ ለእንዲህ ያለው ሕመም የመከረው፥ በደረሰው መከራ ላይ ያተኰረውን የአስተሳሰብና የጠባይ ሕክምና፥ እንዲሁም ዐይንን በማንቀሳቀስ የሚደረገውን ሕክምና ነው። ክፍል ማለትም ምሳሌ ነው እንጂ በአንጐል ውስጥ ተለይቶ የታየ ነገር አይደለም።

ሌላም ተቃውሞ ይነሣል። ክፍሎች ሁሉ በጎ ከሆኑ፥ ሰነፉ ስንፍናውን፥ ቍጡውም ቍጣውን ማሳበቢያ አያደርገውምን? በእኛ አስተያየት መልሱ ቀላል ነው። ክፍሉ በጎ አሳብ አለው ማለት ሥራው ተጠያቂነት የለበትም ማለት አይደለም፤ ሰው ላደረገው ሁሉ የሚመልሰው ባለቤቱ ነው። ለራስ መራራት ሰውን ያሰንፋል የሚለውንም፥ በ2012 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተመራማሪዎች ያደረጉት ፈተና አልደገፈውም። ከባድ ፈተና የወደቁ ተማሪዎች ስለ ውድቀታቸው ለራሳቸው እንዲራሩ ሲመከሩ፥ ለሚቀጥለው ፈተና ያጠኑት ጊዜ እንዲህ ካልተመከሩት ይልቅ ረዝሞ ተገኝቷል።

አንባቢያችን ቀላል ለሆነው የዕለት ወቀሳ ይህን በቤቱ ሊሞክር ይችላል። ወቃሹ ሲነሣ አይከራከረው፤ አይታዘዘውም። ወረቀት አንሥቶ ቃሉን እንደ ተናገረው ይጻፈው፤ ከሥሩም «ዝም ብትል ምን ይደርስብኛል ብለህ ትፈራለህ?» ብሎ ጠይቆ የሚመጣውን መልስ ይመዝግብ። ደብዳቤው የተበላሸበት ሠራተኛ መልሱ ስለ ደብዳቤው ሳይሆን፥ ከብዙ ዓመት በፊት በክፍል ተማሪዎች ፊት ስለ ተሣቀበት ቀን ሆኖ ያገኘው ይሆናል። ከዚህ በኋላ ደብዳቤውን የሚያርመው እጁ ሳይንቀጠቀጥ ነው።

ከባድ በደል፥ ጦርነት ወይም ጥቃት የደረሰበት፥ ራሱን ለመጉዳት የሚያስብ፥ ወይም ከእውነት የራቀ ነገር የሚታየውና የሚሰማው ሰው ግን ይህን ብቻውን አይሞክር። የተዘጋ በር ያለ ሰው ድጋፍ በድንገት ሲከፈት ጉዳት አለው፤ በግፊት የተጎተተ ትዝታም ሊሳሳት ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው በአዲስ አበባ ወደ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል፥ በሌላም ስፍራ በአቅራቢያው ወዳለ ሐኪም ቢሄድ ነውር የለበትም። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ያሉት ለሥጋ ብቻ አይደለም።

ይህ ነገር የግል ብቻ እንዳይመስለን አንድ ቃል እንጨምር። የዛሬ ተማሪ ነገ መምህር፥ የዛሬ ጸሐፊ ነገ የመምሪያ ኀላፊ ነው። ራሱን በስድብ የሚያሠራ ሰው ሥልጣን ባገኘ ጊዜ ሌላውንም በዚያው ጅራፍ ለማሠራት ይቃጣዋል። በበታቹ ስሕተት ላይ ድምፁን ከማንሣቱ በፊት፥ በውስጡ የፈራው ማን እንደ ሆነ ለመጠየቅ የለመደ ኀላፊ ግን ስሕተቱን ያርማል፤ ሰውየውንም ያተርፋል። ይህን ልማድ ለመጀመር ሹመት መጠበቅ አያስፈልግም፤ ዛሬ ማታ ወቃሹ ሲመጣ መጀመር ይቻላል።