“ልጄ አፉን አልፈታም፣ አማርኛውን ልተወው?” ለምትሉ ወላጆች፦ የአንዲት የስፒች ቴራፒ ተማሪ የድረ ገጽ ዝርዝር

  ዛሬ ፖለቲካውን ለአንድ ቀን ጋብ እናድርገውና ቤታችን ውስጥ ስላለ ጉዳይ እናውራ። በቪዲዮው ላይ በችኮላ ያለፍነውን እዚህ ዘርዘር አድርገን ጽፈነዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚሁ ሬኒየር ቫሊ ያደገች፣ አሁን ስፒች ቴራፒ የምትማር አንዲት እህታችን አለች። ስሟን አንጠራም። ለትምህርትም ለመዝናኛም የምትከፍታቸውን ድረ ገጾች እንድታሳየን ጠየቅናት። ዝርዝሩን ስናየው ከተማሪ ይልቅ ለወላጅ የሚጠቅም ሆኖ አገኘነው። ምክንያቱም ከኮሎምቢያ ሲቲ እስከ ሬኒየር ቢች መሪ ይዘን ስንውል፣ ሀበሻ ተሳፋሪ ሲገባ ደጋግሞ የሚነሳ ጥያቄ አለ፦ “ልጄ ሁለት ዓመት አለፈው፣ አፉን አልፈታም። ሁለት ቋንቋ ግራ አጋብቶት ይሆን? አማርኛውን ልተወው?”

መጀመሪያ ከመዝናኛው እንጀምር። ቼዝ ስለምትወድ ሊቼስ ላይ ትጫወታለች። በፈረንጆቹ 2010 የተጀመረ፣ ክፍያም ማስታወቂያም የሌለበት ገጽ ነው። ሁለተኛው ሊቢ ነው። የሲያትል ላይብረሪ ካርድ ያለው ሰው መጽሐፍና በድምፅ የተነበበ መጽሐፍ በስልኩ በነፃ ይዋሳል። ሦስተኛው አፍሪካን ስቶሪቡክ ይባላል። የአማርኛ የልጆች ተረቶች በነፃ ይገኙበታል። እዚሁ ሲያትል ያለው ኦፕን ሃርትስ ቢግ ድሪምስ ደግሞ ሬዲ ሴት ጎ ቡክስ በሚል ስም አማርኛና እንግሊዝኛ ጎን ለጎን የተጻፉባቸው የልጆች መጻሕፍት ያሳትማል። የእህታችን ትርፍ ሰዓት ሥራ እነዚህን ለእህቷ ልጆች ጮክ ብሎ ማንበብ ነው። ዱኦሊንጎን አትጠቀምም፤ አማርኛ የለውማ!

ወደ ትምህርቱ እንምጣ። ብዙዎቻችን ስፒች ቴራፒ ሲባል የሚመጣልን የመንተባተብ ሕክምና ነው። ሙያው ግን ሰፊ ነው። የቋንቋ መዘግየት፣ የድምፅ ችግር፣ ስትሮክ መትቷቸው ቃል የጠፋባቸው አባቶች፣ ምግብ ለመዋጥ የተቸገሩ እናቶች፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ይገባሉ። ቴራፒስት ለመሆን ማስተርስ ዲግሪ፣ 400 ሰዓት የተግባር ልምምድ፣ ፈተና፣ ከዚያም በላይ በባለሙያ ሥር የሚሠራበት ጊዜ ያስፈልጋል።

ለዚህ ጥናት ደጋግማ የምትከፍተው ገጽ የአሻ ነው። ሙሉ ስሙ የአሜሪካ የንግግር፣ የቋንቋና የመስማት ማኅበር ሲሆን ከ1925 ጀምሮ ያለ የባለሙያዎች ማኅበር ነው። ለወላጆችም የሚሆን ክፍል አለው። ሁለተኛው ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ቲቸርስ ኮሌጅ የሚወጣው ሊደርስ ፕሮጀክት ነው፤ ከአንድ በላይ ቋንቋ የሚናገር ልጅ በትክክል እንዴት እንደሚመዘን በነፃ ቪዲዮ ያስተምራል። ሦስተኛው የቶሮንቶው ሃነን ሴንተር ነው። ልጅን ከማናገር በፊት ማየትን፣ መጠበቅንና መስማትን ለወላጅ ያሳያል።

ታዲያ እነዚህ ሁሉ ለጥያቄያችን ምን ይላሉ? መልሱ አጭር ነው፦ ሁለት ቋንቋ የንግግር ችግር አያመጣም። ችግር ያለበት ልጅ በሁለቱም ቋንቋ ይቸገራል፤ አማርኛውን ብትነጥቁት ችግሩ አይለቀውም። የሚነጠቀው ከአያቱ ጋር የሚያወራበት ቋንቋ ነው።

የልጁን ቃላት ስትቆጥሩም ሁለቱንም ቁጠሩ። “ውሃ” የሚለውም “ቦል” የሚለውም ይቆጠራል። የአሜሪካ የጤና ተቋም ሲዲሲ ባወጣው መለኪያ ብዙ ልጆች በሁለት ዓመታቸው ሁለት ቃል ያጋጥማሉ። እዚህ ላይ ግን አንድ የቋንቋችን ነገር አለ። “አልመጣችም” ለእኛ አንድ ቃል ነው፤ በእንግሊዝኛ ግን አራት ቃል ይሆናል። አማርኛ የማያውቅ መዛኝ ይሄን ካላወቀ ልጁን ዝቅ አድርጎ ሊመዝነው ይችላል። ድምፁም እንዲሁ። ጠ፣ ጨ፣ ቀ፣ ጰ እንግሊዝኛ ውስጥ የሉም። በተቃራኒው “ቲንክ” ሲባል ምላስ በጥርስ መሃል የሚወጣበት የእንግሊዝኛ ድምፅ አማርኛ ውስጥ የለም። ልጁ “ሲንክ” ቢል ከቤት ያመጣው የቋንቋ ልዩነት ሊሆን ይችላል፣ ወዲያው በሽታ ነው አይባልም። ይህቺ እህታችን ወደ ሙያው የገባችውም ይሄን የሚለይ ሰው በሰፈራችን እንዲኖር ብላ ነው።

አሁን ደግሞ ስለ ስክሪኑ። በእኛው ከተማ፣ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ፣ ፓትሪሺያ ኩል የተባሉ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2003 ያወጡት ጥናት አለ። እንግሊዝኛ ብቻ የሚሰሙ የዘጠኝ ወር ሕፃናትን ለ12 ጊዜ ከቻይንኛ ጋር አገናኟቸው። ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ ያጫወታቸው ሕፃናት የቻይንኛውን ድምፅ መለየት ቻሉ። ያንኑ ትምህርት በቪዲዮ ያዩት ወይም በድምፅ ብቻ የሰሙት ግን አልቻሉም። ልብ በሉ! ሁለት ሥራ እየሠራን፣ ደክሞን፣ ልጁን “አማርኛ ይልመድ” ብለን የዩቲዩብ መዝሙር ከፍተን የምንተወው ስንቶቻችን ነን? አንወቅስም፣ ኑሮው ይታወቃል። ግን እስካሁን የዘረዘርናቸው ገጾች ለእናንተ ለትልልቆቹ ናቸው። ሕፃኑ የሚፈልገው የሚያየውን ፊት፣ የሚመልስለትን አፍ ነው። እንጀራ ስትጋግሩ፣ ስታለብሱት፣ ስታጥቡት አውሩት፤ ከዚያ ዝም ብላችሁ መልሱን ጠብቁ።

“ጠብቁ፣ ወንድ ልጅ ይዘገያል” የሚል ምክርም በየቤቱ አለ። አንዳንዱ ልጅ በእርግጥ ዘግይቶ ይፈታል። የትኛው እንደሚፈታ ግን ሳያስመረምሩ ማወቅ አይቻልም። መጀመሪያ ጆሮውን አስመርምሩ፤ የማይሰማ ልጅ ከየት አምጥቶ ይናገር?

ከዚያ መብታችሁን እወቁ። አይዲኢኤ የሚባለው የፌዴራል ሕግ አለ። ልጁ ከሦስት ዓመት በታች ከሆነ በዋሽንግተን ስቴት ኢሲት የተባለው ፕሮግራም በነፃ ይመዝነዋል። የሐኪም ወረቀት ግዴታ አይደለም፣ ወላጅ ራሱ መጠየቅ ይችላል። ከተጠየቀበት ቀን ጀምሮ በ45 ቀን ውስጥ ልጁ ተመዝኖ፣ የሚገባው ከሆነ የዕቅዱ ስብሰባ መደረግ አለበት። ሦስት ዓመት ሲሞላው ጉዳዩ ወደ ትምህርት ቤት ዲስትሪክቱ ይዞራል፤ ልጁ ትምህርት ባይጀምርም። “በአማርኛ ይመዘንልን፣ አስተርጓሚ ይቅረብልን” ማለትም መብት እንጂ ልመና አይደለም። ትልቁን ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉት።

“ሰው ምን ይላል” የሚለው ፍርሃት እንደሚያስቸግር እናውቃለን። ይሄን ፍርሃት ሀገር ቤት ሆና የሰበረች ሴት ነበረች፣ ዘሚ የኑስ። አሜሪካ ኖራ ተመልሳ፣ ኦቲዝም ያለበትን ልጇን ሳትደብቅ፣ በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈተች። መናገር ላቃታቸው ልጆችም በፊደላችን ላይ የተመሠረተ አቡጊዳ ፎነቲክስ የተባለ ማስተማሪያ አዘጋጀች። በ2021 አረፈች፣ ነፍሷን ይማር። ብዙ ቤተሰብ ልጁን ጓዳ በሚደብቅበት ዘመን እሷ አደባባይ አወጣችው። እኛ ደግሞ ሕግ ከጎናችን ቆሞ፣ ቢሮው ከሰፈራችን ሳይርቅ የምንደብቅበት ምክንያት የለም።

ስለዚህ ከልጃችሁ ጋር በምታውቁት ቋንቋ አውሩ፣ ጥርጣሬ ካለ ዛሬውኑ ደውሉ። ሦስት ዓመት እንደሆነ ሳይታወቅ ነው የሚያልፈው። ይሄን ጽሑፍ ትንሽ ልጅ ላለው ጎረቤት ላኩለት። በሌላ ርዕስ እስክንገናኝ፣ ቸር ይግጠመን!