መዘግየት ሁሉ ቸልተኝነት አይደለም

ስንጠራት ዘግይታ የምትመልስልንን፣ የነገርናትን የምትረሳብንን እህታችንን «ቸልተኛ ናት» ለማለት እንፈጥናለን። ነገሩ ግን ሕመም ሊሆን ይችላል።

መልቲፕል ስክለሮሲስ የተባለው በሽታ የአንጎልንና የኅብለ ሰረሰርን ነርቮች ሽፋን ይጎዳል፤ መልእክትም በነርቮቹ ውስጥ ይዘገያል። ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርኮ እ.ኤ.አ. በ1868 በሕሙማኑ ላይ የማስታወስ ድካምና የሐሳብ መዘግየት ማየቱን ገልጿል።

ይህ መዘግየት ሊለካ ይችላልን? አዎን። ጀርመናዊው ሐኪም ሐንስ በርገር እ.ኤ.አ. በ1924 የሰውን አንጎል የኤሌክትሪክ ሞገድ ለመጀመሪያ ጊዜ መዘገበ። ዛሬ ሕመምተኛዋ ራስ ላይ ቀጫጭን ሽቦዎች ይለጠፋሉ። አንድ ዓይነት ድምፅ እየተደጋገመ ይሰማታል፤ አልፎ አልፎ የሚመጣውን ልዩ ድምፅ ትቆጥራለች። ጤናማ አንጎል ልዩውን ድምፅ መለየቱን ከ300 ሚሊሰከንድ ገደማ በኋላ፣ ማለትም ከሰከንድ ሢሶ ባነሰ ጊዜ፣ በሞገድ ያሳያል። በብዙዎቹ ሕሙማን ላይ ሞገዱ ይዘገያል። ምርመራው ብቻውን በሽታውን አይለይም፤ ድካሙ እውነት መሆኑን ግን ይመሰክራል።

አላህ (ሱ.ወ.) መጥፎ ጥርጣሬን ከልክሎናል። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ እየነገርን መልሷን በሰብር እንጠብቅ፤ ወደ ሐኪምም እንውሰዳት። ሺፋው ከአላህ ነው።