ያውቁ ኖሯል? ቀንድ፣ ሳማ፣ ፈረስ እና ወይን

የላም ቀንድ ለጠላ መጠጫ ብቻ እንዳልሆነ ያውቁ ኖሯል? ባዮዳይናሚክ የሚባለውን ዘዴ የሚከተሉ የፈረንሳይ ወይን አብቃዮች ቀንዱን እበት ሞልተው ይቀብሩታል፣ ብርዱ ሲያልፍ ያወጡታል። ከውስጡ እፍኝ ያህል በውኃ በጥብጠው አንድ ሰዓት ሙሉ ያማስሉታል፦ አዙሪት እስኪሠራ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ከዚያ ወደ ተቃራኒው። በመጨረሻ መሬቱ ላይ ይረጩታል።

የዘዴው አባት ገበሬ አልነበረም። ኦስትሪያዊው ፈላስፋ ሩዶልፍ ስታይነር በ1924 እ.ኤ.አ. ዛሬ የፖላንድ በሆነች መንደር ስለ እርሻ 8 ንግግሮች አደረገ፤ በዓመቱ ሞተ።

ደገኛው ወጥ የሚሠራባት ሳማም አልቀረችም፤ ወይን አብቃዮቹ ዓመት ቀብረው ብስባሽ ውስጥ ይጨምሯታል። እኛ ብንበላት ይሻላል።

በታወቀው የቡርጎኝ ወይን ቦታ ሮማኔ ኮንቲ አንዳንዱ ማሳ የሚታረሰው በፈረስ ነው፤ ትራክተር አፈሩን ይጠቀጥቀዋልና። ይህ በአዊ ላለው የዘንገና ሐይቅ አካባቢ ሰው ምን ይገርማል? በአዊ ደጋ ፈረስ ከቀንበር ገብቶ ያርሳል። ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የፈረስ በዓሉን የሚያከብረው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር እንኳ የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው። በቡርጎኝ ፈረሱ የጠርሙሱን ዋጋ ያስወድዳል፤ እዚህ የድንቹን ዋጋ አያነቃንቅም።

አውደ ነገሥት የሚገልጡ ልብ ይበሉ! የባዮዳይናሚክ የቀን መቁጠሪያም ጨረቃ የእሳት ኮከቦች በሆኑት በሐመል፣ በአሰድና በቀውስ ስታልፍ «የፍሬ ቀን» ይላል፤ ወይን የሚጣፍጠው ያኔ ነው ይባላል። በኒውዚላንድ 19 ባለሙያዎች 12 ወይኖችን በተለያዩ ቀናት ቀመሱ። በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመው ውጤት፦ ልዩነት የለም።

አፈሩስ? በካሊፎርኒያ በሜርሎ ወይን ማሳ 6 ዓመት ተመዘነ። በቀንዱ ዝግጅት የተረጨውና ያለ ዝግጅቱ በተፈጥሮ ማዳበሪያ የለማው ማሳ አፈር አልተለያየም። ሥራውን የሚሠራው ብስባሹ ይመስላል።

መዳብና ድኝስ? የወይን ሻጋታን ለመከላከል በተወሰነ መጠን ይፈቀዳሉ። «ምንም አይረጭም» የሚል ሻጭ ካጋጠመዎ አይመኑት።

በዘንገና ዙሪያ ግን የወይን ማሳ አይፈልጉ። ሐይቁ ከባሕር ጠለል 2500 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ የእሳተ ገሞራ አፍ ነው፤ ደጋው የገብስና የድንች ነው። ካስቴል የተባለውን የወይን ጠጅ ፋብሪካ ማሳ ለማየት ዝቅ ወዳለው ዝዋይ መውረድ ይኖርብዎታል። እዚያ ደግሞ ጉማሬ እንዳይገባ ዙሪያውን ቦይ ተቆፍሯል።