አሮጌው ብስክሌት ለተማሪ

በይፋግና በወረታ ዙሪያ ካሉ የገጠር ቀበሌዎች ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚመጣ ልጅ ወይ ገና ጎህ ሲቀድ ተነስቶ በእግሩ ይጓዛል፣ ወይ ከተማ ቤት ተከራይቶ በየሳምንቱ መጨረሻ ስንቁን ከወላጆቹ ዘንድ ያመላልሳል። የቤት ኪራዩ ለገበሬ ከባድ ነው። ተከራይዋ ሴት ልጅ ስትሆን ደግሞ የወላጅ ስጋት ከወጪው ይብሳል።

እንዲህ ያለውን ርቀት በብስክሌት ለማሳጠር ከሚሠሩ በጎ አድራጎት ድርጅቶች አንዱ የእንግሊዙ ሪ-ሳይክል ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ሜርሊን ማቲውስ የመሠረተው ይህ ድርጅት፣ ባለቤቶቻቸው የማይነዷቸውን ብስክሌቶች ሰብስቦ ጋናንና ጋምቢያን ወደመሳሰሉ አገሮች ይልካል። የብሪታንያው ሮያል ሜይል ፖስተኞቹን ወደ መኪና ሲያዛውር ቀያይ ብስክሌቶቹን ሰጥቶታል። የደብዳቤ ከረጢት እንዲሸከሙ የተሠሩ ጠንካሮች ስለሆኑ ለገጠር መንገድ እጅግ ይመቻሉ።

ኮንቴይነሩ ብዙ እንዲይዝ ፔዳሉ ይፈታል፣ መሪው ይዞራል። ከደረሰ በኋላ ያለው ሥራ የብስክሌት ሠሪው ነው፤ ካቴናውን አጥቦ በዘይት ያርሳል፣ የተጣመመ ቸርኬ ያቃናል፣ ፍሬን ያጠብቃል፣ የተበሳ ካላማዳሪ በማስቲሽ ይለጥፋል። በእኔ እምነት የእርዳታው ዕድሜ የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው። መለዋወጫና ሠሪ በሌለበት የተሰጠ ብስክሌት አንድ እሾህ ሲወጋው ግድግዳ ተደግፎ ይቀራል። በጋና የሚሠራው ቪሌጅ ባይሲክል ፕሮጀክት ይህን ስለተረዳ፣ ለተጠቃሚው የአንድ ቀን የጥገና ሥልጠና ሰጥቶ ብስክሌቱን በቅናሽ ይሸጥለታል።

ጥቅሙ በጥናት ተፈትሿል። በዛምቢያ ወርልድ ባይሲክል ሪሊፍ የተባለው ድርጅት ከትምህርት ቤት ርቀው ለሚኖሩ ልጃገረዶች ብስክሌት ሰጠ፤ የሰጠው አሮጌ ሳይሆን ለገጠር መንገድ ተብሎ የተሠራ አዲስ ነው። አጥኚዎች እንዳረጋገጡት የመንገዱ ጊዜ በ35 በመቶ፣ ማርፈድ በ66 በመቶ፣ መቅረት በ27 በመቶ ገደማ ቀንሷል።

በይፋግና በወረታ ዙሪያ ያለው የፎገራ ሜዳ ደግሞ ለጥ ያለ ነው። ባሕር ዳር ሩቅ አይደለችም፤ ብስክሌት የሚነዳባት፣ የሚጠገንባት ከተማ ናት። ክረምት ላይ የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ሜዳውን ሲያጥለቀልቁ፣ ዋልካው ጭቃም ጎማ ሲይዝ መንዳት አይቻልም። ደግነቱ የክረምቱ አብዛኛው ክፍል ትምህርት የሚዘጋበት ነው፤ ከጥቅምት እስከ ግንቦት መሬቱ ለጎማ ይመቻል።

በውጭ የምትኖሩ የአካባቢው ተወላጆች ለተማሪ ብስክሌት ለመላክ ካሰባችሁ፣ ካላማዳሪ፣ ካቴናና የፍሬን ጎማ አብራችሁ ጫኑ። ከዚያ በፊት ግን ይፋግ ላይ አንድ ወጣት የጥገና ሙያ እንዲማር ክፈሉለት።