የባቢሌ ለውዝና የመምህሩ ውል

በሐረሩ ጊደር መጋላ ገበያ የባቢሌ ለውዝ የሚገዛ ሰው ፍሬውን በእጁ አገላብጦ ያያል፣ አንድ ሁለት ይቀምሳል፣ ከዚያ ዋጋ ይከራከራል። በዓይንም በምላስም የማይደርስበት ነገር ግን አለ። እርጥበት ያገኘው ለውዝ ሲሻግት አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊያድርበት ይችላል፤ ጉበትን ለካንሰር የሚያጋልጥ፣ ቢቆሉትም ጨርሶ የማይጠፋ መርዝ ነው። ይህን የሚያውቀው ቤተ ሙከራ ብቻ ነው። የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም የምሥራቅ ሐረርጌን ለውዝ መርምረው ውጤቱን አሳትመዋል። እንዲህ ያለ ውጤት ነጋዴ ወይም ሹም ያስከፋ ቀን ተመራማሪው መምህር ምን ዋስትና አለው? የአካዳሚክ ነፃነት ነገር ከግቢው አጥር ወጥቶ ሸማቹ ዘንድ የሚደርሰው በዚህ በኩል ነው።

ሕጉ ነፃነቱን አልነፈገም። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 650/2001ም ሆነ እሱን የተካው 1152/2011 ለመምህራን ይህን መብት ይሰጣሉ። ችግሩ፣ አዋጅን ሌላ አዋጅ ይሽረዋል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 ፕሬስንና የሥነ ጥበብ ፈጠራን በስም ሲጠራ ማስተማርንና ምርምርን አልጠራም፤ ኬንያና ደቡብ አፍሪካ በሕገ መንግሥታቸው በግልጽ አስፍረውታል። መጻፉ ብቻውን ያድናል ማለቴ አይደለም። መምህርን ዝም ለማሰኘት ክስ አያስፈልግም፣ የቅጥር ውሉ ይበቃል። በ1985 ዓ.ም. ተማሪዎች የኤርትራን ሪፈረንደም ተቃውመው በወጡበት ሰልፍ ላይ ጥይት ከተተኮሰ ከወራት በኋላ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ40 በላይ መምህራኑን አሰናበተ። ቀዶ ሐኪሙ ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ አንዱ ነበሩ። ለዚህ ዳኛ አላስፈለገም፤ ደብዳቤ በቃ።

«ደመወዙን የሚከፍለው መንግሥት አይደለም ወይ?» የሚል ይኖራል። የዳኛውንም ደመወዝ የሚከፍለው መንግሥት ነው፤ ሆኖም ለከፋዩ ይፍረድ የሚል የለም። ከበድ የሚለው ሌላው ተቃውሞ ነው፤ በ2012 ዓ.ም. በየካምፓሱ የተማሪ ደም በፈሰሰበት አገር መምህሩ ያሻውን ይናገር ማለት እሳት ላይ ቤንዚን አይሆንም ወይ? ስጋቱ እውነት ነው። ግን ጥላቻ የሚሰብክን ሰው የሚጠይቅ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1185/2012፣ በእጃችን አለ፤ መምህር ሆነም አልሆነም ይመለከተዋል። የለውዙ ምርመራ ስህተት ከሆነ ደግሞ ስህተቱን የሚያሳየው ሌላ ለውዝ መርማሪ ነው እንጂ የሰው ኃይል ክፍል አይደለም። አሁን በአዋጅ ቁጥር 1294/2015 ዩኒቨርሲቲዎች ራስ ገዝ ወደ መሆን እየሄዱ ነው፤ ራስ ገዝ ሲሆኑ ገቢም ራሳቸው መፈለግ አለባቸው። ያን ጊዜ የመምህሩን ውል የሚያድሰው እጅ ከትምህርት ሚኒስቴር ይራቅ እንጂ፣ ለምርምሩ ገንዘብ ወደሚሰጠው ነጋዴ እንዳይጠጋ የሚከለክል አንቀጽ ያስፈልጋል።