ስክሪኑ የሚለውና ገመዱ የሚያወጣው

ሲግናል ጄነሬተር የታዘዘውን ሞገድ አመንጭቶ በገመድ የሚያወጣ መሣሪያ ነው። ሬዲዮ ሲጠገን፣ አምፕሊፋየር ሲፈተሽ መነሻው እሱ ነው፤ እሱ ከተሳሳተ በእሱ የተፈተሸው ሁሉ አብሮ ይሳሳታል።

አምራቾች አንዱን ዕቃ በሁለት ዋጋ መሸጥ ያውቁበታል። ሲግለንት ኤስዲጂ2042ኤክስ እስከ 40 ሜጋ ኸርዝ፣ ወንድሙ 2122ኤክስ እስከ 120 ሜጋ ኸርዝ ይሠራሉ፤ የሚለያያቸው በዋናነት ሶፍትዌር ነው። ውስጡ የተጫነውን ሶፍትዌር (ፈርምዌሩን) ነካክቶ ርካሹን ውድ ለማድረግ የሚጓጓ ሰው የበዛው ለዚህ ነው። ችግሩ ፋብሪካው እያንዳንዱን መሣሪያ ለክቶ የሞላው የማረሚያ ቁጥር እዚያው ማኅደረ ትውስታ ውስጥ መቀመጡ ነው። ቁጥሩ ሲጠፋ መሣሪያው አያጉረመርምም። ይበራል፣ ስክሪኑም 1 ቮልት ይላል፤ ገመዱ የሚያወጣው ግን 0.93 ሊሆን ይችላል። ዳባት ገበያ ላይ ሳህኑ ተቀይሮ ዜሮው ያልተስተካከለ ሚዛንም እንዲሁ ነው፤ ደንበኛው ምን ያውቃል?

ስለዚህ ከመነካካት በፊት ቁጥሮቹን ገልብጦ ማስቀመጥ ይቀድማል። ከሌላ መሣሪያ የተቀዳ አያገለግልም፤ የአንዱ ስሕተት የሌላው አይደለም።

ቅጂ ከሌለ እንደገና መለካት ነው። በመጀመሪያ መሣሪያው ይሙቅ። መመሪያዎች ብዙ ጊዜ ግማሽ ሰዓት ይላሉ፤ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ላለችው ደባርቅ፣ ለታኅሣሥ ጠዋት፣ እኔ ከዚያ በላይ እጠብቃለሁ። ድግግሞሹን የሚወስነው ክሪስታል በሙቀት ይዋዥቃል፤ መብራት ከጠፋም ጥበቃው ከሀ ይጀምራል።

ቀጥሎ ድግግሞሽ። በ2003 ዓ.ም. ከቀድሞው የጥራትና ደረጃዎች ባለሥልጣን ተከፍሎ የተቋቋመው የሥነ ልክ ኢንስቲትዩት ያለው አዲስ አበባ ነው፤ ከደባርቅ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ደግነቱ የድግግሞሽ ልክ ከሰማይ ይወርዳል። 20,200 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ የሚዞሩት የጂፒኤስ ሳተላይቶች አቶማዊ ሰዓት ተሸክመዋል፤ ተስማሚ መቀበያ ከእነሱ የተስተካከለ 10 ሜጋ ኸርዝ ይሰጣል። አንቴናው የሚፈልገው ክፍት ሰማይ ነው፦ ደባርቅ ሜዳው ላይ ሞልቷል፤ ሊማሊሞ ገደል ሥር ግን ግማሹ ተሸፍኗል። በነገራችን ላይ፣ በአንስታይን ስሌት ደባርቅ ያለ ሰዓት ባሕር ጠለል ላይ ካለው በዓመት 10 ማይክሮ ሰከንድ ያህል ይፈጥናል። ከሚሊዮን አንድ እጅ ለሚስት፣ ማለትም በ10 ሜጋ ኸርዝ ላይ 10 ኸርዝ ለሚዛነፍ ጄነሬተር ይህ ከቁጥር አይገባም።

ቮልት ግን ከሰማይ አይወርድም። በ1 ኪሎ ኸርዝ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ 1 ቮልት የሆነ ሳይን ሞገድ በደህና መልቲሜትር 0.354 ማንበብ አለበት። እጥፍ ካነበበ ካሊብሬሽኑን አትውቀሱ፤ ጄነሬተሩ የ50 ኦም ጭነት አለብኝ ብሎ እያሰበ ይሆናል። ሜጋ ኸርዝ ውስጥ ሲገባ መልቲሜትሩ ራሱ ይደክማል፤ የኃይል መለኪያ ያስፈልጋል። ባንዱን በጉልበት ወደ 120 ያሰፋ ሰው የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው፤ እዚያ ላይ ያለው የሞገድ ከፍታ እስኪለካ ድረስ ግምት ነው።

እኔ ብሆን አዲስ አበባ የምልከው ጄነሬተሩን ሳይሆን መልቲሜትሩን ነው። ሰርተፍኬቱን ይዞ ሲመለስ ሌሎቹን መሣሪያዎችም ይፈትሻል። ጄነሬተሩ ላይ ደግሞ ወረቀት ይለጠፍ፦ እስከ ስንት ሜጋ ኸርዝ፣ በምን፣ መቼ እንደተለካ።